ቁርጥ

ከግላስጎው፣ ከወንዙ ማዶ፣ ዝናብ ከማይጠፋበት ሰፈር፣
አርባ ዓመት ወረቀት ቆራጭ ነኝ፣ ከአንድ አሮጌ መኪና ጋር።
ስሜ ዱጋልድ ነው፤ መኪናው አንድ ጣቴን በልቶታል፤
ምላጩ ግን ወገን የለውም፣ ያመጡለትን ይቆርጣል።

ማክሰኞ ጠዋት አንዱ መጣ፣ ካፖርቱ ውሃ እያንጠባጠበ፣
«አምስት መቶ ወረቀት፣ ለሐሙሱ ክርክር» አለኝ፣ ወደ ጠረጴዛዬ እየቀረበ።
ፎቶግራፍ ዘረጋልኝ፦ አንዲት ሴት፣ እጇን በራሷ ላይ ጭና፣
ከኋላዋ የፈረሰ ቤት፤ ዓይኗ ካሜራውን አልፎ፣ ወደማይታይ ነገር ቀና።
«ግራውን ቁረጥልኝ» አለ፤ «ቀኙ ብቻ ይበቃናል፤
ከሥሩ ‹የጽዮናውያን ሥራ› በል፤ የቀረውን ሕዝብ ይሞላል።»

ከሰዓት በኋላ ሌላይቱ፣ ጃንጥላዋን እያራገፈች፣
ያንኑ ፎቶ አውጥታ፣ ያንኑ ቁጥር አዘዘች፤
«ቀኙን ቁረጥልኝ» አለች፤ «ግራው ብቻ ይበቃናል፤
ከሥሩ ‹የአይሁድ ጠላቶች ሥራ› በል፤ የቀረውን ሕዝብ ይሞላል።»

ምላጬ ስል ነው፣ ምላሴ ዱልዱም፤ «ቆዩ» ስል ማንም አልሰማኝ፤
ይህችን ሴት ከዓመታት በፊት፣ እዚሁ አትሜያታለሁ መሰለኝ።
መዝገቤን አገላበጥኩ፤ እውነትም አለች፣ ከአቧራ ሥር፦
«ለምድር መንቀጥቀጥ ተጎጂዎች»፤ ከሩቅ፣ ከሌላ አገር።
ቤቷን የናደው ጦር አልነበረም፣ የማንም እጅ አልነበረም፤
መሬት ናት የተንቀጠቀጠች፤ መሬት ደግሞ ፓርቲ የላትም።

ደወልኩ ለሁለቱም። ሁለቱም ዝም አሉ ጥቂት።
«ፎቶው ቢሳሳት ምን አለበት፣» አለ ያኛው፣ «ስሜቱ እኮ ነው እውነት!»
ይህችኛዋም፦ «ስሜቱ እኮ ነው እውነት!»

እኔስ? እኔ ምን ልበል። የኪራይ ቀን ደርሶ ነበር፤
አተምኩት። ቆረጥኩት። አሰርኩት። አንድ ሺህ ውሸት በክር።

ሐሙስ ማታ አዳራሹ ሞላ። ከኋላ ቆሜ ሰማሁ፣
ብልሃቱን እንደ ወረቀት፣ በዓይኔ እየለካሁ።
አንዱ «ጽዮናዊ» ይላል፤ ቃሉ አየር ላይ ሳለ
ተለውጦ «አይሁድ» ሆኖ ያርፋል፤ እሱ ግን «አላልኩም» አለ።
ሌላው ስለ ተራበ ልጅ የጠየቀችውን ሴት
«ጥላቻሽን ታውቂዋለሽ» አላት፤ ጥያቄዋን ቀበረባት።
«ስለዚያኛውስ ለምን ዝም አልክ?» ይህ ደግሞ የሁለቱም በትር፤
አንዱን ሬሳ በሌላው መምታት፣ ሁለቱም ሳይቀበሩ በአፈር።
«አንድ አይሁዳዊ ጓደኛዬ እንኳ…»፣ «አንድ ፍልስጤማዊ ራሱ…»
ስም የሌላቸው ጓደኞች፣ ሲጠሩ ብቻ የሚነሡ።
ሕዝቡም «ቁርጡን! ቁርጡን!» ይላል፤ ቁርጥ ያለ ነገር ይወዳል፤
እኔ ግን ቁራጩን አውቃለሁ፤ ጠዋት በመጥረጊያ ይጣላል።

በአሥራ አንድ ድምፅ ብልጫ፣ አንዱ ወገን አሸነፈ።
የትኛው እንደሆነ ረሳሁት። ጭብጨባው ግን ጆሮዬን ገረፈ።

በማግስቱ ሰዓት ጠጋኙ ዜሊግ፣ ከሱቄ ፊት ለፊት፣
በሩን በቤንዚን ያጥባል፤ ሌሊት ቀለም ቀብተውበት።
«ወደ አገርህ ሂድ» ይላል ቀዩ፤ የሱ አገር ግን ይኸው፤
ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛው ፎቅ ነው የተወለደው።
ስለ እሱ በመድረኩ ላይ ብዙ ተብሎ ነበር፤
ቤንዚን ግን ማንም አላመጣለት፣ ማንም አልጠየቀው ነገር።

ናዲራ ከዳቦ ቤቱ ወጣች፣ እጇ ዱቄት እንደለበሰ፤
የወንድሟ ስልክ ከጋዛ ካልጠራ ዘጠነኛ ቀን ደረሰ።
ስለ እሷም በመድረኩ ላይ ብዙ ተብሎ ነበር፤
የወንድሟን ስም የጠየቀ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አልነበር።

የእጅ ሰዓት ሰጠችው፤ መስተዋቱ የተሰነጠቀ።
«የወንድሜ ነበ… የወንድሜ ነው» አለች፤ ድምፅዋ ደረቀ።
«ይሠራል? አይሠራም? ቁርጡን ንገረኝ» አለችው።
ዜሊግ ቀይ ቀለም በነካው ጣቱ፣ ወደ ብርሃን አነሣው፤
አገላበጠው። ወደ ጆሮው አስጠጋው።

«ሳልከፍተው» አላት፣ «ሳልከፍተው፣ ቁርጡን እንዴት እነግርሻለሁ?
ነገ ነይ። ማታ ቁጭ ብዬ፣ ውስጡን አየዋለሁ።»